ቀኑ ያልተቆረጠለትን ዕቃ መቼ ይገባል ብለን እንጻፍ? ስድስት አማራጮች በንጽጽር

የኦንላይን ሱቅ የዕቃ ገጽ መሙላት በጀመርኩበት ሰሞን ነው። ዕቃው ገና አልወጣም፤ አከፋፋዩ የነገረን «በዚህ ዓመት ውስጥ» ብቻ ነበር። «የመውጫ ቀን» የሚለውን ሳጥን ባዶ ትቼ ላስቀምጥ ስል ሲስተሙ በቀይ ፊደል «ይህ ቦታ መሞላት አለበት» አለኝ። ዲሴምበር 31 ብዬ ሞላሁትና ወደ ሚቀጥለው ዕቃ አለፍኩ።

ከወራት በኋላ አንዲት እናት ደወሉ። ዕቃውን ያዘዙት ለልጃቸው ልደት ነው፤ ልደቱ ደግሞ ጃንዋሪ 4። «ቀኑን አይቼ እኮ ነው ያዘዝኩት፤ አራት ቀን ይተርፈኛል ብዬ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ሳጥን ለመሙላት የጻፍኩትን ቁጥር እሳቸው ቀጠሮ ብለው ይዘውታል፤ ለልጁም ነግረውታል።

ይህን የምጽፈው ገና ያልወጣ ዕቃ ለሚሸጡ ሱቆችና ገጹን ለሚሞሉ ሰዎች ነው። ቀን ይገፋል፤ ፋብሪካም መርከብም ጉምሩክም በእኛ እጅ አይደሉም። በእኛ እጅ ያለው አጻጻፉ ነው። ደንበኛው ገጹን ሲያነብ «እነዚህ ሰዎች ስለ ቀኑ ምን ያህል እርግጠኛ ናቸው?» የሚለውን ማወቅ ከቻለ ቀኑ ቢገፋም ይታገሣል። ካልቻለ ግን የአንድ ሳምንት መዘግየት እንኳ ቃል ማጠፍ ይሆንበታል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## መጀመሪያ መስፈርቶቹ

ቀኑ ከማን ነው የመጣው? አምራቹ በይፋ ያወጀው ቀን፣ አከፋፋዩ በኢሜይል የጻፈው ቀንና ራሳችን የገመትነው ቀን በገጹ ላይ አንድ ዓይነት መልክ ሊኖራቸው አይገባም። በተለይ የራስን ግምት መጠራጠር ደግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ የታወቀ የሥነ ልቦና ጥናት ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ጠይቆ ነበር። በአማካይ 33.9 ቀን አሉ፤ የፈጀባቸው ግን 55.5 ቀን ነው። ሥራውን ራሱ የሚሠራው ሰው ይህን ያህል ከሳተ፣ ከፋብሪካው ሦስት እጅ ርቆ ያለው ቸርቻሪ ምን ያህል ሊስት እንደሚችል መገመት ነው።

ገንዘብ ተቀብላችኋል? ይህ ትልቁ መስፈርት ይመስለኛል፤ ክፍያ ከተቀበላችሁ የጻፋችሁት ቀን የውሉ አካል ነውና። የአሜሪካው ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1975 ያወጣውና ዛሬ የኢንተርኔት ሽያጭንም የሚያካትተው ደንብ፣ ሻጩ ለጻፈው የመላኪያ ጊዜ ምክንያታዊ መነሻ ሊኖረው ይገባል ይላል። ጊዜ ካልጻፈ 30 ቀን እንደተባለ ይቆጠራል። ካልደረሰለት ለደንበኛው አሳውቆ የመሰረዝ ምርጫ መስጠት አለበት። አዲሱ ቀን ከ30 ቀን ያልበለጠ የመጀመሪያ መዘግየት ከሆነ የደንበኛው ዝምታ እንደ መስማማት ይወሰዳል። ከዚያ ከረዘመ ወይም ቀኑ ጨርሶ ካልታወቀ ግን ደንበኛው በግልጽ ካልተስማማ ገንዘቡ ይመለሳል። የአውሮፓ ኅብረት የ2011 የሸማቾች መብት መመሪያና የብሪታንያ የ2015 የሸማቾች መብት ሕግም፣ ሁለቱ ወገኖች ሌላ ጊዜ ካልተስማሙ በቀር የማድረሻ ጣሪያውን 30 ቀን ያደርጉታል። «ሌላ ጊዜ ካልተስማሙ» የሚለው ነው ለእኛ ቁም ነገሩ፤ ያ ስምምነት የሚገኘው ገጹ ላይ ከጻፍነው ቀን ነው።

የካርድ ጉዳይም አለ። ካርድ ላይ ገንዘብ ማስያዝ፣ ማለትም ሳይወሰድ ታግዶ እንዲቆይ ማድረግ፣ በቀናት፣ ቢበዛ በሳምንታት ያበቃል። ስለዚህ ከወራት በፊት የታዘዘ ዕቃ ወይ አሁኑኑ ይከፈልበታል፣ ወይ ሲላክ ይከፈልበታል፤ መሃል ላይ አንጠልጥሎ ማቆየት የለም።

ደንበኛው ቀኑን ምን ያደርግበታል? ስጦታ፣ የትምህርት ቤት መክፈቻ፣ የተበላሸ ማቀዝቀዣ ምትክ፤ እነዚህ ቀን ያላቸው ፍላጎቶች ናቸው። ለመደርደሪያ የሚገዛ ውስን እትም ግን ሁለት ወር ቢዘገይም ባለቤቱን ከማናደድ አያልፍም።

ቢገፋ ማን ምን ይሠራል? አርባ ትዕዛዝ ከሆነ አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት ደውሎ ይጨርሰዋል። አራት ሺህ ከሆነ ግን መልእክቱን የሚልከው ሲስተም ነው፤ ሲስተሙ የሚልከውን ጽሑፍ ቀድሞ ያነበበ ሰው ሊኖር ይገባል።

ቀኑ ወዴት ይቀዳል? ገጻችሁ ላይ ብቻ አይቀርም። የጎግል የግዢ ማውጫ ለምሳሌ በቅድመ ትዕዛዝ ለሚሸጥ ዕቃ የሚገኝበትን ቀን ግዴታ ይጠይቃል፤ ቀኑም ከአንድ ዓመት በላይ ሊርቅ አይችልም። አንዴ ከተላከ በፍለጋ ውጤት ላይ ይወጣል፣ ሰዎችም ፎቶ አንስተው ይይዙታል።

## አማራጮቹ

### 1. ቁርጥ ቀን

«ሴፕቴምበር 17 ይወጣል።» ለዓይን ያምራል፣ ለውሳኔም ይመቻል። የሚገባው ግን ዕቃው መጋዘናችሁ ገብቶ የመሸጫውን ቀን ብቻ ሲጠብቅ፣ ወይም አምራቹ በይፋ አውጆ ጭነቱ መንገድ ላይ ሲሆን ነው።

የአምራች አዋጅ ብቻውን በቂ አይደለም። «ሳይበርፐንክ 2077» የተባለው ጌም መጀመሪያ ለኤፕሪል 16፣ 2020 ተቀጠረ፤ ከዚያ ወደ ሴፕቴምበር 17፣ ከዚያ ወደ ኖቬምበር 19። ኦክቶበር መግቢያ ላይ ለኅትመት ዝግጁ ሆነ ተብሎ ተበሠረ፤ ወሩ ሳይወጣ እንደገና ተገፍቶ ዲሴምበር 10 ወጣ። እያንዳንዱን ቀን በትልቁ የለጠፈ ሱቅ አራት ጊዜ መለጠፍ፣ ሦስት ጊዜ ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት።

ቁርጥ ቀን ስትጽፉ «የሚወጣበት» እና «እጅዎ የሚገባበት» የሚሉትን ለዩ። ብዙ ቅሬታ የሚመጣው ከእነዚህ ሁለቱ መደበላለቅ ነው። የወሩንም ስም በፊደል ጻፉት፤ 06/07 ለአንዱ የጁን ወር፣ ለሌላው የጁላይ ወር ነው።

### 2. የጊዜ መስኮት

«ከማርች 1 እስከ ሜይ 31 ባለው ጊዜ ውስጥ።» ለአብዛኛው ዕቃ መጀመሪያ የምሞክረው ይህን ነው። መስኮት ሲሰፋ እርግጠኝነታችን ትንሽ መሆኑን ያለ ማብራሪያ ይናገራል፤ መረጃው ሲጠራ ደግሞ ይጠባል። «ጂቲኤ 6» የተባለው ጌም አዘጋጆች በ2023 መጨረሻ «2025» ብቻ አሉ። በ2024 ወደ 2025 መኸር አጠበቡት። በ2025 ደግሞ ወደ ሜይ 26፣ 2026፣ ከዚያም ወደ ኖቬምበር 19፣ 2026 ገፉት። እዚህ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው መጥበብ ነው፤ ማንም አላዘነበትም። ኋላ የመጡት ሁለቱ ግን መግፋት ናቸው። ደንበኛ መጥበብን እንደ ምሥራች ይሰማዋል። ስለዚህ ሰፊ ጀምሮ ማጥበብ፣ ጠባብ ጀምሮ ከማስፋት ሁልጊዜ ይሻላል።

መስኮት ሲጻፍ ሦስት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው የወቅት ስም ነው። ከምድር ወገብ ወዲያና ወዲህ ያለ ሰው በጋውና ክረምቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ «በጋ ላይ» ብሎ ለሁሉም መጻፍ የስድስት ወር ስሕተት ይጋብዛል።

ሁለተኛው ሩብ ዓመት ነው። አምራቹ «በሦስተኛው ሩብ» ሲል የበጀት ዓመቱን ሊሆን ይችላል፤ የብዙ ኩባንያዎች የበጀት ዓመት ኤፕሪል ወይም ኦክቶበር ላይ ይጀምራል። የአከፋፋዩን ኢሜይል እንዳለ ከመገልበጣችሁ በፊት «የየትኛው ዓመት ሦስተኛ ሩብ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ስውር ነው። መስኮቱን ሱቁ ከመጨረሻው ያነበዋል፣ ደንበኛው ከመጀመሪያው። «ማርች–ሜይ» ስትሉ እናንተ ሜይ 31ን አስባችሁ ነው፤ እሱ ማርች 1 ጠዋት ስልክ ያነሣል። መፍትሔው የመጨረሻውን ቀን ማስቀደም ነው፦ «ቢዘገይ እስከ ሜይ 31፤ ከማርች 1 በፊት አይላክም።»

### 3. ቦታ መያዣ ቀን

ዲሴምበር 31፣ ጁን 30፣ ማርች 31። በማንኛውም ትልቅ የኦንላይን ሱቅ ውስጥ ገና ያልወጡ ዕቃዎችን ብትፈልጉ የዓመት፣ የግማሽ ዓመት ወይም የሩብ ዓመት የመጨረሻ ቀን ተሰልፎ ታገኛላችሁ። አንዳንድ ሠራተኛ ከዚህም አርቆ 2099 ይጽፋል። ሁሉም የመጡት እኔ ከገጠመኝ ዓይነት ባዶ ሳጥን ነው፦ ሲስተሙ ቀን ካላገኘ ዕቃውን አያስቀምጥም፣ በቅደም ተከተል አይደረድርም፣ ቅድመ ትዕዛዝም አይከፍትም።

ለሲስተሙ ጥሩ ነው፤ ለሰው ግን ውሸት ይሆናል። የሚጽፈው ሰው «ባዶ» ለማለት ነው የጻፈው፣ የሚያነበው ሰው «ዲሴምበር 31» ብሎ ነው ያነበበው። ጉዳቱም በአንድ ደንበኛ አያበቃም። ጌም የሚከታተሉ ሰዎች ከሱቅ ገጽ ላይ የመያዣ ቀን አግኝተው «የመውጫው ቀን አፈተለከ» ብለው ማሰራጨታቸው የተለመደ ነው፤ አምራቹ ማስተባበል ይጀምራል፣ ሱቁም ባላለው ነገር ይወቀሳል። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ሲስተሙ ለሁሉም አንድ ላይ «ትዕዛዝዎ ዘግይቷል» የሚል ኢሜይል ይለቃል፣ ያውም በዓመቱ መለወጫ ማለዳ፣ ስልክ የሚያነሣ ሰው በሌለበት።

መድኃኒቱ ሁለት ሳጥን ነው። አንዱ ለሲስተሙ የሚሞላ የውስጥ ቀን፤ ሌላው ደንበኛ የሚያየው ጽሑፍ። የውስጡ ዲሴምበር 31 ይሁን፤ ገጹ ላይ የሚታየው «ቀኑ አልተቆረጠም፤ አምራቹ በዚህ ዓመት ብሏል» ይሁን። አብዛኛው የሱቅ ሶፍትዌር ተጨማሪ የጽሑፍ ሳጥን መጨመር ይፈቅዳል፤ ለባለሙያ የአንድ ቀን ሥራ አይሞላም። ሲስተማችሁ ይህን ጨርሶ ካልፈቀደ የዕቃው መግለጫ የመጀመሪያ መስመር ላይ በደማቁ ጻፉት፦ «ከላይ የሚታየው ቀን ቦታ መያዣ ነው፤ የማድረሻ ቀጠሮ አይደለም።» አያምርም። ግን ያቺን እናት ከዚያ ሁሉ ያድናቸው ነበር።

### 4. «ቀኑ አልታወቀም» እና የአሳውቁኝ ቁልፍ

ምንም መረጃ ከሌለ ታማኙ አማራጭ ይህ ነው። ገንዘብ አትቀበሉም፤ ኢሜይል ወይም ስልክ ትቀበላላችሁ፤ ዕቃው ሲቀርብ ታሳውቃላችሁ። «ዱክ ኑከም ፎርኤቨር» የተባለው ጌም በ1997 ተዋውቆ የወጣው በ2011 ነው፤ አዘጋጆቹ በመሃል ለረጅም ጊዜ የሰጡት መልስ «ሲያልቅ ይወጣል» የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ክፍያ ተቀብሎ ዓመታት የጠበቀ ሱቅ ምን እንደሚገጥመው አስቡት።

«በቅርቡ» የሚለውን ቃል ግን እንድትጠነቀቁት እለምናለሁ። ቀን የሌለው ይመስላል እንጂ እሱም ቃል ኪዳን ነው፤ ሰባት ወር ገጽ ላይ የቆየ «በቅርቡ» ሱቁን ሁሉ የተረሳ ያስመስለዋል።

### 5. ወረፋ በዙር

ዕቃው እንደሚወጣ ይታወቃል፣ ስንት እንደሚመጣ ግን አይታወቅም። እዚህ ላይ የሁሉም ደንበኛ ቀን አንድ ሊሆን አይችልም፤ ቀኑ የሚመጣው ከተራው ነው።

ከማውቃቸው ምሳሌዎች ምርጡ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ የሚሸጠው፣ በእጅ ተይዞ ጌም የሚጫወቱበት «ስቲም ዴክ» ነው። በጁላይ 2021 ወረፋ ሲከፈት ተመዝጋቢው 5 ዶላር ብቻ ያስይዝ ነበር፤ ሙሉው ዋጋ የሚጠየቀው ተራው ሲደርስ ነው። እያንዳንዱ ሰው እንደ ተራው አንድ መስኮት ይታየዋል፦ ዲሴምበር 2021፣ የ2022 መጀመሪያ ሩብ፣ ሁለተኛ ሩብ፣ ከዚያ በኋላ። ኖቬምበር ላይ የመለዋወጫ እጥረት ሁሉንም በሁለት ወር ገፋው። ኩባንያው የሁሉም ተራ እንደተጠበቀ መሆኑንና መስኮቶቹ ብቻ እንደተሸጋሸጉ ተናገረ፤ ማስረከቡም በፌብሩዋሪ 2022 መጨረሻ ተጀመረ። ሰው ቀኑ ተገፍቶበትም ተራው እንዳልተነካ ካወቀ ወረፋውን ጥሎ አይሄድም።

ትንሿ ቀብድ ሁለት ሥራ ትሠራለች። ልቡ የሌለውን ከወረፋው ታወጣለች፤ ልቡ ያለውን ደግሞ ብዙ ገንዘብ አታስርበትም። ቀብዱ ተመላሽ መሆን አለበት፤ የማይመለስ ቀብድ ባልታወቀ ቀን ላይ መጠየቅ በእኔ እምነት ከደንበኛው ላይ አደጋ መጫን ነው።

### 6. ትራስ ያለው ቀን

አከፋፋዩ ጁን 10 ይላል፤ እናንተ ጁን 30 ትጽፋላችሁ። ሲቀድም ደንበኛው ይደሰታል፣ ሲዘገይም ትራሱ ይይዘዋል። ችግሩ ጎረቤት ሱቅ ጁን 10 ብሎ ከጻፈ ትዕዛዙ ወደዚያ መሄዱ ነው። እንደ ማቀዝቀዣ ወይም ሶፋ ያለ ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ የሚቀበለው ዕቃ ደግሞ ቀድሞ ሲመጣም ጣጣ አለው። ትራሱን ስታስገቡ መጠኑን በልምድ አስሉት፦ ከዚሁ አከፋፋይ የመጡትን የመጨረሻ አሥር ጭነቶች የተባለበትንና የገባበትን ቀን ጎን ለጎን ጻፉና የዘገዩት በስንት ቀን እንደዘገዩ ተመልከቱ።

## ባጭሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | መቼ ይመረጣል | ክፍያ | ሲገፋ | ወጪው |
|---|---|---|---|---|
| ቁርጥ ቀን | ዕቃው መጋዘን ሲሆን ወይም ጭነቱ ሲነሣ | ሙሉ | ቃል እንደ ማጠፍ ይቆጠራል | የለም |
| የጊዜ መስኮት | አከፋፋዩ ወር ወይም ሩብ ዓመት ሲሰጥ | ሲላክ፣ ወይም ትንሽ ቀብድ | መስኮቱ ውስጥ እስካለ ምንም | ገጹን በየጊዜው ማደስ |
| ቦታ መያዣ ቀን | ለሲስተሙ ብቻ፣ ተደብቆ | አይገባም | የጅምላ ቅሬታ | ሁለተኛ ሳጥን ማሠራት |
| አልታወቀም/አሳውቁኝ | መረጃ በማይኖርበት ጊዜ | የለም | የሚገፋ ነገር የለም | የጠፉ ትዕዛዞች |
| ወረፋ በዙር | ፍላጎት ከአቅርቦት ሲበልጥ | ተመላሽ ቀብድ | ተራ ከተጠበቀ ቀላል | የወረፋ ሲስተም |
| ትራስ ያለው ቀን | የአከፋፋዩ ልማድ ሲታወቅ | ሲላክ ወይም ሙሉ | አብዛኛውን ጊዜ አይታይም | ለተፎካካሪ የሚሄድ ትዕዛዝ |

## ለማን የቱ?

ብቻውን የሚሠራ ትንሽ ሱቅ፣ ፕሮግራመርም የሌለው ከሆነ፣ 2 እና 4 ይበቁታል። አከፋፋዩ ወር ከሰጠው መስኮት፣ ካልሰጠው አሳውቁኝ። ክፍያውን ሲልክ ብቻ ይቀበል፤ መዘግየት ሲመጣ የሚመለስ ገንዘብ ከሌለ ሥራው በግማሽ ይቀልለታል። ለማስታወስ አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል፦ ዕቃው፣ ቀኑ፣ ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው። «መቼ እንዳለው» የሚለውን አትዝለሉት፤ የሦስት ወር ዕድሜ ያለው መረጃ መጠየቅ ያለበት መረጃ ነው።

መካከለኛ ሱቅ ትንሽ ገንዘብ ካለው ያንን ገንዘብ በሁለቱ ሳጥኖች ላይ ያውል። ከማስታወቂያም ከአዲስ ዲዛይንም በፊት። ስጦታ በብዛት የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ 2ን ከ6 ያጣምር፤ የስጦታ ገዢ የሚፈልገው የመጨረሻውን ቀን ነውና እሱን በልግስና አርቆ ይጻፍለት።

ብዙ ሰው የሚሻማበት ዕቃ ያለው ትልቅ ሱቅ ወረፋውን ሳያዘጋጅ ቅድመ ትዕዛዝ ባይከፍት ይሻለዋል። አንድ ሺህ ዕቃ እንደሚመጣ ሳያውቁ ሦስት ሺህ ትዕዛዝ በአንድ ቀን መቀበል፣ ለሁለት ሺህ ሰው ሊፈጸም የማይችል ቀን መስጠት ነው።

ውድ ዕቃ፣ ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ፣ ቀኑ ግምት፦ ይህን ጥምረት ለማንም አልመክርም፤ ለየትኛውም ሱቅ፣ በየትኛውም በጀት።

## ቀኑ ሲገፋ የሚላከው መልእክት

መልእክቱ አሮጌው ቀን ከማለፉ በፊት መድረስ አለበት፤ እናንተ ባወቃችሁበት ዕለት ቢሆን ደግ። መጀመሪያ አዲሱ ቀን፣ ቀጥሎ ምርጫው፣ ምክንያቱ በመጨረሻ። ብዙ ሱቆች ከምክንያቱ ይጀምሩና ደንበኛው ሦስት አንቀጽ ወርዶ ነው ቁርጡን የሚያገኘው። እኔ የምጠቀምበት ይህን ይመስላል፦

«ያዘዙት ዕቃ ቢዘገይ እስከ ጁን 30 ይላካል ብለን ነበር። አሁን ከኦገስት 1 እስከ ኦገስት 31 ባለው ጊዜ ሆኗል። ተራዎ እንደተጠበቀ ነው፤ ከካርድዎ የተወሰደ ገንዘብ የለም። መጠበቅ ከፈለጉ “እጠብቃለሁ” የሚለውን ይጫኑ። ካልፈለጉ “ይሰረዝ” የሚለውን ይጫኑ፤ ምክንያት አንጠይቅም። እስከ ጁን 30 መልስ ካልሰጡን ትዕዛዙን እንሰርዘዋለን። ለውጡ የመጣው አምራቹ ዛሬ የማምረቻ ጊዜውን ስላራዘመ ነው። ለስጦታ ፈልገውት ከሆነ ይንገሩን፤ እስከዚያ የሚሆን ሌላ ዕቃ አብረን እንፈልጋለን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመርኳት ከጃንዋሪ 4ቱ ልደት በኋላ ነው።